ለማስታወቂያ 30 ሪያል ላኪ ሲሉሽ

ዓርብ ዓርብ ሩዊ ላይ የምናገኛችሁ እህቶች ስለ ኮንትራትና ስለ ደመወዝ ከምትጠይቁኝ ቀጥሎ ደጋግሞ የሚመጣብኝ ጥያቄ ይህ ነው። «ወንድሜ በላክሁለት ገንዘብ የሶፋና የምንጣፍ ማጠቢያ ማሽን ገዝቶ ሥራ ጀምሯል። አሁን ደግሞ በፌስቡክ ማስታወቂያ እንዳሠራ 30 ሪያል ላኪ ይለኛል። ልላክ ወይስ ይቅርብኝ?» የአንዳንዷ ወንድሟ ሳይሆን እህቷ ናት። ሥራውም የሶፋ እጥበት ሳይሆን የሹሩባ ቤት፣ የእንጀራ መጋገሪያ ወይም የድግስ ዕቃ ኪራይ ይሆናል። ጥያቄው ግን አንድ ነው።

መልሴን ከፊት ላስቀድመው። ማስታወቂያ የሚጠቅም ነገር ነው፤ ግን 30 ሪያል በአንዴ አይላክለትም። ደመወዝሽ 100 ሪያል ከሆነ 30 ሪያል የዘጠኝ ቀን ጉልበትሽ ነው። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ማልደሽ ተነስተሽ ያጠብሽው፣ የተኮስሽው፣ ልጅ ያዘልሽበት ገንዘብ የት እንደገባ ሳይታወቅ ስልክ ላይ ተበትኖ እንዳይቀር ሒሳቡን አንቺም ማወቅ አለብሽ። ሒሳቡ ከባድ አይደለም። ሱቅ ተልኮ መልስ መቁጠር የምታውቅ ሴት ሁሉ ትችለዋለች።

መጀመሪያ 30 ሪያል ስንት እንደሆነ እንወቅ። የኦማን ሪያል ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዶላር ላይ ታስሮ የቆመ ነው፤ አንዱ ሪያል 2 ዶላር ከ60 ሳንቲም ነው። ስለዚህ 30 ሪያል ማለት 78 ዶላር ነው። ፌስቡክ ላይ አንድን ጽሑፍ ወይም ፎቶ በገንዘብ ማሳየት፣ ልጆቹ «ቡስት ማድረግ» የሚሉት፣ በቀን 1 ዶላር ያህል ከፍሎም መጀመር ይቻላል። በቀን 1 ዶላር ከሆነ 30 ሪያልሽ ለ78 ቀን ይበቃል ማለት ነው። ገና ማስታወቂያው ይሥራ አይሥራ ሳይታወቅ የሁለት ወር ተኩል ገንዘብ ለምን በአንዴ ይላካል? ለሙከራ 10 ቀን ይበቃል። 10 ዶላር ደግሞ 4 ሪያል እንኳን አይሞላም።

4 ሪያል ብቻውን ለመላክ ግን የሀዋላው ክፍያ ያስቆጫል። ስለዚህ ለቤተሰብ በምትልኪው የወር ገንዘብ ላይ ጨምረሽ፣ «ይህቺ ለማስታወቂያ ብቻ ናት» ብለሽ ለይተሽ ንገሪው። በቃል ብቻ ሳይሆን ዋትስአፕ ወይም ኢሞ ላይ ጽፈሽ ላኪለት። በኋላ ለመጠየቅ ይመችሻል።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ማስታወቂያው የሚከፈለው በዶላር ነው፤ ወንድምሽ የሚያገኘው ገቢ ግን በብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከዚያ በፊት በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ110 ብር አለፈ። ለአንቺ ይህ ጥሩ ነበር፤ የላክሽው ሪያል ብዙ ብር ሆነ። ለማስታወቂያ ግን በተቃራኒው ነው፤ 570 ብር ይበቃው የነበረው የ10 ዶላር ማስታወቂያ ከ1,100 ብር በላይ ሆነ። «ባለፈው ጊዜ በዚህ ብር ሠርተናል» የሚል ሰው ካለ መቼ እንደሆነ ጠይቂው።

አንድ ደንበኛ በስንት ብር ይገዛል?

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ብዙ ሰው ማስታወቂያ አሠርቶ የሚቆጥረው ላይክ ነው። «አምስት መቶ ሰው ላይክ አደረገ» ብሎ ደስ ይለዋል። ላይክ ሶፋ አያሳጥብም። መቆጠር ያለበት ስንት ሰው ደወለ፣ ከደወሉት ስንቱ በትክክል ከፍሎ አሠራ የሚለው ነው።

በምሳሌ እንየው። ቁጥሩን የምጽፈው ለሒሳቡ ያህል ስለሆነ አንቺ የራሳችሁን ቁጥር ተኪበት። ወንድምሽ አንድ ሶፋ የሚያጥበው በ2,000 ብር ነው እንበል። ለሳሙናና ለኬሚካል 200፣ ለረዳቱ 500፣ ማሽኑን ጭኖ ለመሄድና ለመመለስ 400፣ ለማሽኑ ጥገና የሚቀመጥ 100 ብር ይወጣል። ድምሩ 1,200 ነው። በእጁ የሚቀረው 800 ብር ነው። ይህቺን 800 በደንብ ያዥያት፤ ሁሉም ነገር የሚለካው በእሷ ነው፤ በ2,000ው አይደለም። ብዙ ወንድሞች «በሶፋ 2,000 አገኛለሁ» ብለው ስለሚያወሩ እህት እዚህ ሆና ሀብታም የሆኑ ይመስላታል።

አሁን ለማስታወቂያውና ላሠራለት ልጅ ኮሚሽን በጠቅላላ 2,000 ብር ወጣ እንበል። 20 ሰው ደወለ። 12ቱ ዋጋ ጠይቀው ጠፉ። 3ቱ ቀጠሮ ይዘው ቀሩ። 5ቱ አሠሩ። 2,000 ለ5 ሲካፈል አንዱ ደንበኛ በ400 ብር ተገዛ ማለት ነው። ከ800ው ላይ 400 ሲነሳ 400 ብር ይተርፋል። ይህ ማስታወቂያ ሠርቷል፤ በሚቀጥለው ወርም ይደገም።

ያሠሩት 2 ብቻ ቢሆኑስ? አንዱ ደንበኛ በ1,000 ብር ተገዛ። በእጅ የሚቀረው ግን 800 ነው። በእያንዳንዱ ሶፋ ላይ 200 ብር ከኪሱ ጨምሮ አጠበ ማለት ነው። ወገቡ ተቆርጦ እየሠራ እየከሰረ ነው፤ ደንበኛ ስላየ ግን የከሰረ አይመስለውም። የሚጎድለውንም ብር የሚሞላው ከመስቀጥ የሚላከው ሪያል ስለሆነ ኪሳራው የሚታየው በአንቺ ላይ እንጂ በእሱ ላይ አይደለም።

ስለዚህ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት አንድ ቁጥር መታወቅ አለበት፤ ይህ ማስታወቂያ ራሱን እንዲችል ስንት ደንበኛ ማምጣት አለበት? 2,000ን ለ800 ማካፈል ነው፤ 2 ተኩል ይመጣል። ግማሽ ሰው ስለሌለ 3 ደንበኛ ነው። ሦስተኛው እስኪመጣ ድረስ ማስታወቂያው ዕዳ ነው፤ ከሦስት በላይ የሆነው ትርፍ ነው። እኔ የምመክረው ገንዘቡ ግማሽ ላይ ሲደርስ ቆም ብሎ ማየት ነው። 1,000 ብር ወጥቶ አንድም ደንበኛ ካልመጣ የቀረውን 1,000 ተከትሎት እንዳይሄድ ማስታወቂያው ይቁም፤ ፎቶው፣ ዋጋው ወይም የተመረጠው ሰፈር ምን እንደሆነ ይታይ።

«ግን ያ ደንበኛ ለሁለተኛ ጊዜ ይመጣል፣ ለጎረቤቱም ይናገራል» ትይኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ጥሩ አጣቢ የሚኖረው በተመላሽ ደንበኛ ነው። ሆኖም ተመላሹን መቁጠር የሚቻለው ተመልሶ ሲታይ ነው። ገና ሥራው ሦስት ወር ሳይሞላው «በኋላ ይመለሳሉ» ብሎ ዛሬ ከ800 በላይ ለአንድ ሰው መክፈል በሰው ተስፋ መበደር ነው።

ይህን ሁሉ ለማወቅ አንድ ደብተር ይበቃል። የደወለ ሰው ስም፣ ስልክ፣ ሰፈር፣ «በየት ሰማኸን?» ተብሎ ሲጠየቅ የመለሰው፣ ያሠራ እንደሆነ የከፈለው ብር። በየሳምንቱ መጨረሻ የደብተሩን ገጽ ፎቶ አንስቶ ይላክልሽ። ክፍያ በቴሌብር ወይም በባንክ ከገባም መልእክቱ ስለሚቀር ከደብተሩ ጋር ማመሳከር ይቻላል። ወንድምሽን ስላላመንሽው አይደለም፤ እሱም ቢሆን ያለ ደብተር የት እንዳለ አያውቅም። ደብተር መያዝ የሚከብደው ሰው ካለ ግን የማስታወቂያ ገንዘብ ላለመላክ በቂ ምክንያት ነው እላለሁ።

ገንዘቡ የሚፈስባቸው ቀዳዳዎች

የመጀመሪያው ቀዳዳ ሰፈር አለመምረጥ ነው። ፌስቡክ ላይ ማስታወቂያው በየት አካባቢ ላሉ ሰዎች እንዲታይ መምረጥ ይቻላል። ሳይመረጥ በመላው ኢትዮጵያ ይታይ ከተባለ ጀሞ ያለ አጣቢ የከፈለበትን ማስታወቂያ ጅማና ድሬዳዋ ያለ ሰው እያየ ላይክ ያደርግለታል። ገንዘቡ ያልቃል፤ ሶፋ ግን አይመጣም። ጀሞ ያለ ሰው ጀሞን፣ ለቡን፣ መካኒሳን ቢመርጥ ማሽኑን የሚጭንበትም ዋጋ ይቀንሳል። ኮንዶሚኒየም የበዛበት ሰፈር ደግሞ አንድ ቤት ሲታጠብ ደረጃ የሚወጣ የሚወርደው ጎረቤት ሁሉ ያያል።

ሁለተኛው ማብቂያ ቀን አለመጻፍ ነው። ማስታወቂያው መቼ እንደሚቆም ካልተሞላ ካርዱ ላይ ገንዘብ እስካለ ድረስ መቁረጡን ይቀጥላል። የቀን ገንዘቡና የማብቂያ ቀኑ ሁለቱም መሞላት አለባቸው።

ሦስተኛው መካከል ላይ ያለው ሰው ነው። በሀገራችን ተራ የብር ካርድ ፌስቡክን መክፈል ስለማይሠራ አብዛኛው ሰው የዶላር ካርድ ላለው ልጅ ብር ሰጥቶ ያሠራል። ሐቀኛ ልጆች ሞልተዋል። ግን 10 ዶላር ተቀብሎ 5 ዶላር ብቻ የሚያሠራም አለ። ማስታወቂያው ሲያልቅ ስንት ዶላር እንደወጣ፣ ስንት ሰው እንዳየው፣ በየት ከተማ እንደታየ ፌስቡክ ራሱ ያሳያል። የዚያ ገጽ ስክሪንሾት ካልተሰጠ ቀሪው ክፍያ አይሰጥም። የፔጁ የይለፍ ቃልም አይሰጠውም፤ ፔጁ ላይ ማስታወቂያ ብቻ እንዲሠራ ፈቃድ መስጠት ይቻላል። የይለፍ ቃሉን ሰጥተው ደንበኛ ያፈሩበትን ፔጅ የተነጠቁ አሉ።

«አሥር ሺህ ፎሎወር እንሸጥልሻለን» የሚለውን ግን ከነጭራሹ እርሺው። የሚሸጡት ፎሎወሮች ሶፋ የላቸውም፤ ብዙዎቹ ሰውም አይደሉም።

አንዳንዷ እህት መስቀጥ ውስጥ የባንክ ካርድ ስላላት ወንድሟ «ያንቺን ካርድ ቁጥር ላኪልኝ፣ ከዚያ ይቆረጣል» ይላታል። የካርድ ቁጥርና ስልክሽ ላይ የሚመጣውን የማረጋገጫ ቁጥር ለማንም፣ ለእናትሽ ልጅም ቢሆን፣ አትላኪ። ወንድምሽ ባይነካው እንኳን ስልኩ ቢሰረቅ የዓመት ቁጠባሽ የሚገኝበትን በር ከፍተሽ ነው የተቀመጥሽው።

መቼ ይውጣ?

ማስታወቂያ በየወሩ እኩል መሆን የለበትም። ፌስቡክ ቦታውን የሚሸጠው በጨረታ ዓይነት ነው፤ ብዙ ነጋዴ በአንድ ጊዜ ሲፈልገው ዋጋው ይጨምራል። በዓል ሲቃረብ ይወደዳል። ሆኖም ለቤት ጽዳት ሥራ የሚሻለው ያው በዓል ነው፤ ለገና፣ ለፋሲካ፣ ለኢድ ሰው ቤቱን ያጸዳል። ከበዓሉ ሁለት ሳምንት ቀድሞ መጀመርና ሦስት ቀን ሲቀረው ማቆም ይሻላል፤ የታጠበ ሶፋ ለመድረቅ ጊዜ ይፈልጋልና በበዓሉ ዋዜማ የሚደውልን ሰው እሺ ማለትም አይቻልም።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ለምንጣፍ እጥበት ገንዘብ አውጥቶ ማስታወቅ ሞኝነት ነው። ምን ላይ ይደርቃል? መስቀጥ ውስጥ ጣሪያ ላይ የሰጣሽው ምንጣፍ በሰዓታት ውስጥ ድርቅ ስለሚል ይህ ይረሳሻል እንጂ የአዲስ አበባ ክረምት ሌላ ነው። በክረምት ያልወጣው ገንዘብ ተቀምጦ መስከረም ላይ ቢወጣ ይመረጣል። የሹሩባ ቤት ያላት ደግሞ ጥርና ሚያዝያን፣ የሠርጉን ወራት፣ ትጠብቅ። ምግብ የምትሠራ ጾሙን አይታ ታስላ።

ሥራው ከተነሳ በኋላ ገንዘቡ ከአንቺ መምጣቱን ማቆም አለበት። ባለፈው ወር በእጅ ከቀረው ትርፍ ላይ ከአሥር አንዱን ለማስታወቂያ መለየት ጥሩ ልማድ ነው፤ እንደ ዕቁብ በቀኑ ይነሳና ለብቻው ይቀመጣል። ወሩ ጥሩ ካልነበረ እሱም ያንሳል። በብድር ወይም በቤት ኪራይ ገንዘብ ማስታወቂያ አይሠራም።

ከመክፈል በፊት ደግሞ ያልተከፈለበት ይለቅ። ጉግል ካርታ ላይ የሥራውን ስምና ስልክ ማስመዝገብ በነጻ ነው። የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች የቴሌግራም ግሩፕ አላቸው፤ አንድ ነዋሪ ሶፋው ከመታጠቡ በፊትና በኋላ የተነሳውን ፎቶ እዚያ ቢለጥፍ ከ10 ዶላር ይበልጣል። ሱቅ በር ላይ የሚለጠፍ ወረቀትም አይናቅ። በሌላ በኩል ስልክ የሚያነሳ ሰው ከሌለ ምንም ዓይነት ማስታወቂያ አይሠራ። ወንድምሽ ማሽን እያንቀሳቀሰ ስልኩን ካልሰማ፣ በዶላር ተከፍሎ የመጣው ደዋይ ወዲያው ለሌላ አጣቢ ይደውላል።

ደንበኛውም ፌስቡክ ላይ ብቻ እንዳይቀር። በየካቲት 2015 ዓ.ም. በሀገራችን ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ሲታገዱ ለአምስት ወር ያህል ሳይከፈቱ ቆይተዋል። በዚያው ዓመት ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ። ባሕር ዳርና ጎንደር፣ ደሴም ያለ ነጋዴ ደንበኞቹ ያሉት ፔጁ ላይ ብቻ ከነበረ በአንድ ቀን ባዶ እጁን ቀረ። ስልክ ቁጥሮቹን በደብተር የጻፈው ግን የሚደውልለት ነበረው። ያ ደብተር ለዚህም ይሆናል።

እዚህ መስቀጥ ውስጥስ?

እስካሁን የነገርኳችሁ ስለ ሀገር ቤት ነው። ከእናንተ መካከል ግን «እኔ ራሴ ዓርብ ቀን ሹሩባ እሠራለሁ፣ እንጀራም እሸጣለሁ፤ ቲክቶክ ላይ ላስተዋውቅ?» የምትሉ አላችሁ። ይህኛውን በግልጽ ልናገር፤ አታድርጉት።

የኦማን ሕግ የውጭ ሀገር ሠራተኛ ካስመጣት ከፊል ውጪ እንድትሠራ አይፈቅድም። ለራስ መሥራትም እንደዚያው ነው። «ፍሪ ቪዛ» የሚባለውም በሰው አፍ እንጂ በሕግ የለም። የተገኘች እስርና ቅጣት ይጠብቃታል፤ ወደ ሀገሯም ትባረራለች። ጓደኛሽን በዕረፍት ቀን ጸጉሯን ስትሠሪያት ማንም ላያይሽ ይችላል። ማስታወቂያ ግን ስልክሽን፣ ፊትሽን፣ ሰፈርሽን፣ ዋጋሽን አንድ ላይ አድርጎ ለማያውቅሽ ሰው ሁሉ የሚሰጥ ነው። ማስረጃውን ራስሽ ጽፈሽ፣ ከፍለሽ አሠራጨሽ ማለት ነው። ከአሠሪዋ ቤት ወጥታ ያለች እህት ከሆነች ደግሞ አደጋው እጥፍ ነው፤ «ሹሩባ እፈልጋለሁ፣ ማበላ ነይ» ብሎ የሚደውለው ሰው ማን እንደሆነ በምን ታውቃለች?

ሌላው ፎቶ ነው። ለሀገር ቤቱ ሥራ ማሳያ ይሆናል ብለሽ የማዳምን ሳሎን፣ ሶፋዋን፣ ልጆቿን አንስተሽ አትላኪ። በኦማን በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው የሳይበር ወንጀል ሕግ የሰውን የግል ሕይወት በፎቶና በቪዲዮ መድፈርን በእስርና በገንዘብ ይቀጣል። አንድ የሶፋ ፎቶ ለዚያ አይበቃም።

እዚህ ሆነሽ በነጻ ልትሰበስቢ የምትችይው ዕውቀቱን ነው። ቡናና ዘይት የፈሰሰበት ጨርቅ በምን እንደሚለቅ፣ የትኛው ሳሙና ቆዳን እንደሚያደርቅ፣ የምንጣፍ ጠርዝ እንዳይሸበሸብ እንዴት እንደሚሰጣ ታውቂያለሽ። እኔ ስምንት ዓመት የሰው ቤት ስሠራ ከተማርሁት ብዙው ሀገር ቤት ገንዘብ የሚከፈልበት ሙያ ነው። የኬሚካሉን ጣሳ ስም ደብተርሽ ላይ ጻፊው፤ ምን ያህል ውሃ ላይ ምን ያህል እንደሚገባ ጨምሪበት። ከዚያ በድምፅ ቀርጸሽ ለወንድምሽ ላኪለት። እሱ የራሱን ደንበኛ ሶፋ፣ ባለቤቱን አስፈቅዶ፣ ከመታጠቡ በፊትና በኋላ በአንድ ብርሃን፣ በአንድ ቦታ ቆሞ ያንሳ። ለመጀመሪያው የ10 ዶላር ሙከራ የሚያስፈልገው ፎቶ ያ ነው። ከሥሩም ሰፈሩ፣ ዋጋው ከስንት እንደሚጀምርና የሚነሳ ስልክ ቁጥር ይጻፍ። ዋጋውን ሲያይ የሚሄድ ሰው መጀመሪያም ደውሎ ጊዜ ያባክን ከነበሩት 12ቱ አንዱ ነበር።